ለፕላስቲክ ስምምነት ተደራዳሪዎች፦ የሞተ እንስሳ እስክታዩ አትጠብቁ

ይድረስ፦ በዓለም አቀፉ የፕላስቲክ ስምምነት ድርድር ለምትሳተፉ ልዑካን በሙሉ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ባሕር እንስሳት ሆድ ነው። በድርድሩ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ አሠራር ደንብ ብዙ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ክርክሩም ተገቢ ነው። ግን ሳያውቁትም ሳይመርጡም ፕላስቲክ የሚበሉ ፍጡራን አሉ። ዛሬ ስለ እነሱ ላስቸግራችሁ ነው።

ሥራችሁ ከየት እንደተነሳ ታስታውሳላችሁ። በማርች 2022 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ናይሮቢ ላይ ተሰብስቦ፣ የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም አስገዳጅ ስምምነት እንዲረቀቅ ወሰነ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሳኔው ባሕሩን በስም ጠቅሷል። ማይክሮፕላስቲክ፣ ማለትም ደቃቅ የፕላስቲክ ቁራጭም፣ የብክለቱ አካል መሆኑን አስፍሯል። ሁሉም ነገር በ2024 መጨረሻ እንዲያልቅ ነበር የታሰበው። ፑንታ ዴል ኤስቴ ላይ ጀመራችሁ፤ በፓሪስ፣ በናይሮቢና በኦታዋ አድርጋችሁ ቡሳን ደረሳችሁ። አልተቋጨም። በኦገስት 2025 ጄኔቫ ላይም ሳትስማሙ ተለያያችሁ።

ነገሩ የቱ ጋ እንደተያዘ ምስጢር አይደለም። ከመቶ በላይ አገሮች የፕላስቲክ ምርት ራሱ ልክ ይበጅለት ይላሉ። ሌሎቹ፣ በተለይ ነዳጅ አምራቾቹ፣ «ምርቱን ተዉት፤ ስለ ቆሻሻ አያያዝ እናውራ» ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ቁመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከማይበልጥ አንዲት እንስሳ ልጀምር።

ኮፔፖድ ትባላለች። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ናት። በባሕር ላይ እየተንሳፈፉ ከሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት መካከል እንደ እሷ የበዛ የለም ማለት ይቻላል። የብዙ ዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት እሷን በልተው ነው። እሷ ደግሞ አልጌ የሚባሉ ደቃቅ የውኃ ዕፅዋት ትበላለች። በአፏ ዙሪያ ያሉትን ፀጉራም እግሮች እያርገበገበች ውኃውን ወደ ራሷ ትስባለች። ውኃው ያመጣላትን አንድ በአንድ እየያዘች ትውጣለች።

የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህችን እንስሳ ቤተ ሙከራ አስገብተው፣ ልዩ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ደቃቅ የፕላስቲክ እንክብሎች ከውኃዋ ጋር ቀላቀሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አንጀቷ ውስጥ የገቡት እንክብሎች ከውጭ እያበሩ ይታያሉ። አንዳንዶቹ ሳይዋጡ እግሮቿና ቅርፊቷ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። የምትበላበትና የምትዋኝበት አካሏ ነው የተያዘው።

በ2015 የወጣው ቀጣይ ሙከራ ደግሞ ስለ አመጋገቧ ነበር። እንክብሎቹ ስፋታቸው 20 ማይክሮሜትር ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ማለት ነው። ያንን የሚያህል አልጌ ትበላ የነበረችው ኮፔፖድ ትልልቁን ትታ ትናንሹን መልቀም ጀመረች። ከምግቧ የምታገኘው ካርበን በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ሙከራው ለቀናት ሲቀጥል የምትጥላቸው እንቁላሎች መጠናቸው አነሰ። የሚፈለፈሉትም ቀነሱ።

እዚህ ጋ ቆም እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ኮፔፖዷ አልሞተችም። የእንቁላሎቿ ቁጥርም በጉልህ አልቀነሰም። «ስንት ሞተ?» ብሎ ብቻ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ሙከራ ምንም ያልተፈጠረበት ሙከራ ነው። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ትንሽ በበላችው፣ ትንሽ ባጠራቀመችው፣ ሳይፈለፈል በቀረው እንቁላል ውስጥ። በክፍት ባሕር ላይ ይህን የሚቆጥር ማንም የለም። ሬሳ የለም፤ ፎቶ የለም።

ይህ የኮፔፖድ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። በ2016 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ኦይስተር የሚባሉ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ፖሊስቲሪን ከሚባል ደቃቅ ፕላስቲክ ጋር ለሁለት ወር አቆያቸው። ከዛጎላቸው ሳይወጡ ውኃ እያጣሩ የሚበሉ እንስሳት ናቸው። የሴቶቹ እንቁላል ቁጥር በ38 በመቶ ቀነሰ። የወንዶቹ ዘር ፍጥነት በ23 በመቶ ወረደ። የተገኙት እጮች በ41 በመቶ አነሱ። ጉልበታቸውን ለመራባት ከማዋል ይልቅ ሌላ ቦታ ማፍሰስ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2013፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ እየዋጡ የሚኖሩ ትሎች ላይ ሌላ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አሸዋው ውስጥ ፒቪሲ የሚባል ደቃቅ ፕላስቲክ ሲገባ የትሎቹ የኃይል ክምችት እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ምግቡ አንጀታቸው ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሚበሉት መጠን ያንሳል፤ አካላቸውም ይቆጣል።

ትል፣ ዛጎል ለበስና ኮፔፖድ የሩቅ ለሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። የአበላል ስልታቸውም አይገናኝም። የደረሰባቸው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አይገኝም።

«ታዲያ ለምን ይበሉታል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ልብ ይሰብራል። ለእነሱ ምግብ ስለሚመስል ነው። አልጌ በሌሎች ሲበላ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣል። ብዙ የባሕር ወፎች ይህን ሽታ ተከትለው ነው ምግብ ያለበትን የሚያገኙት። ባሕር ላይ የተጣለ ፕላስቲክ በአጭር ጊዜ የአልጌ ሽፋን ያበጃል። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያንኑ ሽታ መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ ወፏ አልተሳሳተችም። አፍንጫዋ በትክክል ሠርቷል። ኮራሎች ደግሞ ከዚህም ይለያሉ። በ2017 በተደረገ ሙከራ አልጌ ያላበቀለውን ንጹሕ ፕላስቲክ ይበልጥ በልተውታል። ተመራማሪዎቹ ከፕላስቲኩ የሚወጡት ኬሚካሎች ራሳቸው ሳይጣፍጧቸው አልቀሩም ብለዋል።

ስለ ወፎች ካነሳሁ አይቀር፣ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ባለችው ሎርድ ሃው ደሴት የሚፈለፈሉትን ሺርዋተሮች ሳልጠቅስ አላልፍም። ወላጆቹ ባሕር ላይ ያገኙትን ውጠው ይመጡና ለጫጩታቸው መልሰው ያጎርሱታል። ፕላስቲኩም አብሮ ይጎረሳል። ተመራማሪዎች የሞቱ ወፎችን ጨጓራ ከፍተው የመጀመሪያውን ክፍል ሥጋ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ጤነኛ ጨጓራ በእጥፋት የተሞላና የምግብ መፍጫ ፈሳሽ በሚያመነጩ ዕጢዎች የታጨቀ ነው። የእነዚህኞቹ ግን ጠባሳ ነበር። ፕላስቲክ በበዛ ቁጥር ጠባሳው ይሰፋል፤ ዕጢዎቹ ይጠፋሉ። በ2023 ለዚህ ሕመም ፕላስቲኮሲስ የሚል ስም ወጣለት። ወፎቹ ሆድ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ተገኝቷል፤ ጠጠር መዋጥ ለእነሱ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ ግን ጠጠሩ አላመጣም።

አንዳንዶቻችሁ የባሕር ኤሊ፣ የአልባትሮስና የዓሣ ነባሪ ፎቶዎችን አይታችኋል። ስለ እነሱ ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ2022 የወጣ ግምት እንደሚለው በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚመገብ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በቀን እስከ 10 ሚሊዮን ቁራጭ ማይክሮፕላስቲክ ሊውጥ ይችላል። ከውኃው ጋር የሚገባለት ጥቂቱ ነው። 99 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከሚበላው ክሪል ከሚባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ ውስጥ ነው። ክሪሏ ቀድማ በልታዋለች ማለት ነው።

ጥልቁም አላመለጠም። በ2019 ተመራማሪዎች በፓስፊክ ዙሪያ ካሉ ስድስት የባሕር ሸለቆዎች አምፊፖድ የተባሉ ሽሪምፕ መሰል እንስሳትን ሰበሰቡ። ከ7,000 ሜትር በታች የሚኖሩ ናቸው። ከ72 በመቶ በላይ በሚሆኑት አንጀት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ሠራሽ ክር ወይም ቁራጭ ተገኘ። ከማሪያና ሸለቆ የመጡት አንድም ሳይቀር ነበረባቸው። በዓመቱ ከዚያው አካባቢ የተገኘ አዲስ የአምፊፖድ ዝርያ ሲሰየም፣ ሆዱ ውስጥ በተገኘው ነገር ምክንያት ኢዩሪቴኔስ ፕላስቲከስ ተባለ። ለሳይንስ አዲስ የሆነ ፍጡር ገና ከመታወቁ ፕላስቲክ በልቶ መገኘቱን ለእናንተ ለመንገር ያሳፍረኛል።

አሁን ደግሞ በእኛ ወገን ስላለው ድክመት በግልጽ ላውራ፤ አለዚያ ከእናንተ አንዱ ያነሳዋል። ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ከባሕሩ በበለጠ መጠን ፕላስቲክ ተጠቅመዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙትም ድቡልቡል እንክብል ነው፤ ባሕር ውስጥ የሚበዛው ግን ክርና ስብርባሪ ነው። በ2016 በአንድ ታላቅ መጽሔት ወጥቶ ዓለምን ያነጋገረ የዓሣ ጫጩቶች ጥናት ደግሞ መረጃው ስላልታመነ በ2017 ተሰርዟል። እኔም ከዚያ አንድ ቁጥር አልወሰድኩም። እናንተም ማንም ሲጠቅሰው ብትሰሙ አስቁሙት። ትክክለኛ ጉዳይ በተሰረዘ ጥናት መደገፍ የለበትም።

ደግሞም የሚዋጠው ሁሉ ሆድ ውስጥ አይቀርም። ብዙው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ይህ ደስ ይላል። ግን የሚቀረውንም፣ የወጣውንም ተከተሉት። በ2008 የተደረገ ሙከራ ሙስል በሚባሉ ዛጎል ለበሶች ላይ እንዳሳየው ደቃቁ ፕላስቲክ ከአንጀት አልፎ እንደ ደም ወደሚያገለግላቸው ፈሳሽ ገብቶ ከ48 ቀን በላይ ቆይቷል። በ2018 የአንታርክቲካ ክሪል የዋጠችውን እንክብል ፈጭታ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች አድርጋ ስታወጣው ታይቷል። እንስሳቱ ራሳቸው ከማይክሮ ወደ ናኖ እየለወጡት ነው። ናኖው ደግሞ ለመያዝም ለመለካትም የባሰ ነው። የኮፔፖድ ሰገራም አለ። ወደ ታች ሲሰምጥ ካርበን ይዞ ይወርዳል፤ ለጥልቁ እንስሳት ደግሞ ምግብ ነው። ፖሊስቲሪን የተቀላቀለበት ሰገራ ግን በጣም ቀስ ብሎ እንደሚሰምጥ በሙከራ ታይቷል።

መጠኑን በተመለከተም ሰዓቱ ለማን እንደሚሠራ እናውቃለን። በ2004 የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቹ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተቀመጡ የፕላንክተን (በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጡራን) ናሙናዎችን አውጥተው መረመሩ። ፕላስቲኩ እየጨመረ መጥቷል። ማይክሮፕላስቲክ የሚለው ስያሜ የተለመደውም ከዚያ ጥናት በኋላ ነው። ዓለም በ1950 ያመረተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ነበር። በ2019 ግን 460 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው ሁሉ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነገ አንድም ቁራጭ ወደ ባሕር ባይገባ እንኳ፣ እዚያ ያለው ትልልቁ በፀሐይና በማዕበል መሰባበሩን አያቆምም። ዛሬ የቤተ ሙከራ የሚባለው መጠን ነገ የባሕር መጠን እንዳይሆን የሚከለክል ምን አዘጋጅተናል?

«እናጸዳዋለን» የሚለው ሐሳብ ለጠርሙስና ለመረብ ይሠራል። ለማይክሮፕላስቲክ አይሠራም። ኮፔፖድን የሚያህል ቁራጭ የሚይዝ ወንፊት ኮፔፖዷንም፣ የዓሣ እንቁላሉንም፣ እጮቹንም ይይዛል። ባሕሩን ከፕላስቲክ ለማጽዳት ከሕይወት ማጽዳት ሊኖርብን ነው። ስለ ምርት የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ከቆሻሻ መጣያው በር ላይ ብቻ የሚጀምር ስምምነት፣ ለእነዚህ እንስሳት ከደረሰባቸው በኋላ የሚደርስ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ምርቱን የሚገድብ አንቀጽ ይኑር። ከገደቡ ጋር ደግሞ ኬሚካሎቹን አትርሱ። ፕላስቲክ ውስጥ ምን እንደሚጨመር አምራቹ በግልጽ ይናገር። ለምን እንደምል የሳልሞኖቹ ነገር ይመስክር። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ኮሆ ሳልሞኖች እንቁላል ለመጣል ወደ ከተማ አቅራቢያ ጅረቶች ሲገቡ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ያልቁ ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም። በዲሴምበር 2020 ተገኘ። የመኪና ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው መርዝ ነው። እዚህ ሬሳው በዓይን ይታይ ነበር፤ ሆኖም ገዳዩን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ ፈጀ። የተጨመረው ነገር አስቀድሞ ቢታወቅ ፍለጋው ያጥር ነበር። ሬሳ ለማይተወው ጉዳትማ አስቡት።

ሌሎቹ ጥያቄዎቼ ለማስፈጸም ቀላሎች ናቸው። ሆን ተብሎ የሚጨመር ማይክሮፕላስቲክ በሁሉም አገር ይከልከል። አሜሪካ በ2015 በሕግ ከፊት መታጠቢያና ከጥርስ ሳሙና አስወጥታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ሰፋ አድርጎ ገድቦታል። ገበያውም አልፈረሰም። የልብስ ነገርም አለ። በአንድ ዙር 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክሮች ሊወጡ እንደሚችሉ በ2016 ተገምቷል። በጥልቁ አምፊፖዶች ሆድ የተገኘው አብዛኛው ክር መሆኑን አስታውሱ። ጨርቁ ሲሠራ ጀምሮ ክር እንዳይለቅ፣ ማሽኑም ማጣሪያ እንዲኖረው ማስገደድ ይቻላል።

የጥሬ ፕላስቲክ ፍሬዎች ጉዳይ ግን ችላ መባሉ ያናድደኛል። ፋብሪካዎች ፕላስቲክ የሚሠሩት ምስር ከሚያካክሉ ፍሬዎች ነው። በመርከብ በቶን ይጓዛሉ። በሜይ 2021 ኤክስፕረስ ፐርል የተባለች መርከብ ስሪላንካ አጠገብ እሳት ተነሥቶባት በጁን ሰጠመች። 1,680 ቶን ገደማ ፍሬ ጭና ነበር። ዳርቻው በፍሬ ተሸፈነ፤ ከፊሉም ተቃጥሎ ጠቁሯል። የዓሣ እንቁላል የሚያካክል ነገር በባሕር ላይ ሲበተን ማን እንደሚበላው ግልጽ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጭነት በጥብቅ እንዲታሸግና በመርከቡ የትኛው ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ሁሉንም የሚያስገድድ ሕግ የግድ ያስፈልጋል። ይህን አንቀጽ የሚቃወም ሰው ምክንያቱ ምን እንደሚሆን መገመት ያቅተኛል።

በመጨረሻ ስለ አሠራራችሁ። ፓሪስ ላይ ድምፅ ይሰጥ አይሰጥ በሚለው ቀናት አልፈዋል። ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም የሚለው አካሄድ ቡሳንም ጄኔቫም ላይ የት እንዳደረሳችሁ አይታችኋል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ መጀመሪያ ላይ፣ ረቂቁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ መግባባት ሲያቅት በድምፅ ብልጫ የሚወሰንበትን ደንብ አጽድቁ። ምርትን የሚገድበውን አንቀጽ ደግሞ ያልተስማማችሁበት ሐሳብ ከሚቀመጥበት ቅንፍ አውጥታችሁ ለድምፅ አቅርቡት። የሚቃወም አገር በስሙ ይቃወም፤ የሚደግፈውም በስሙ ይደግፍ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር